የአራስ ቤት ንፋስ

ቅዳሜ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ የእህቴን ልጅ አንገት ስነካ ነው ፍርሃቱ የጀመረኝ። አንገቱ በላብ ረጥቧል፤ ግንባሩ ላይ ደቃቅ ቀያይ ሽፍታ ወጥቷል። ገና የሰባተኛ ቀኑ የአቂቃ በግ አልታረደም፤ ስምም አልወጣለትም። ክፍሉ በአራስ ቤት ደንብ ተዘጋግቷል። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዷል፤ በሩ ሥር ጨርቅ ተወትፏል። ከላይ ቆርቆሮው በፀሐይ እየጋለ ይንጣጣል።

ቤታችን ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ማታ ከባሕር ዛፉ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ቀን ደግሞ ቆርቆሮው ሥር መቀመጥ አይቻልም። የእህቴ ባል የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ እሱ እንደሚለው እዚያ ያለ ኤሲ የሚኖር የለም። የመውለጃዋ ጊዜ ሲቃረብ፣ ማታ የሚያሞቅ ቀን የሚያቀዘቅዝ ኤሲ አምጥቶ አስገጠመና ወደ መንገዱ ተመለሰ።

እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደጉን አክስታችን አራሷን ሊጠብቁ መጥተው ነበር። ማታ ማታ ማሽኑ ሲያሞቅ ይመርቁታል። «ከሰል አይል፣ ጭስ አይል! አላህ ይስጠው ልጄን!» ይላሉ። ስለ ማቀዝቀዙ ግን ሲነሳ መስማትም አይፈልጉም። ንፋስ ያገኛት አራስ ዕድሜዋን ሙሉ ወገቤን እንዳለች ትኖራለች፤ ሕፃን ከሆነማ አይተርፍም። እኔም ይህንን እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ሲቆጡት፣ እኔም በልቤ ከተቆጪዎቹ ጋር ነኝ። አፌን ግን አልከፍትም።

የማሽኑን መመሪያ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የተማርኩት ሒሳብ ነው፤ ስለ ማሽን የማውቀው እዚያ ላይ የተጻፈውን ብቻ ነው። ሪሞቱን አነሳሁ።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አሉኝ አክስቴ።

«ሞቆታል እኮ እትዬ። ንፋሱን ወደ ጣሪያው አዙሬዋለሁ፤ እሱ ላይ አይነፋም።»

«ሙቀት ሕፃን ሲገድል የት አይተሻል? ንፋስ አስገብተሽበት ነገ ምች መታው እንዳትዪኝ!»

«ይተዋት እትዬ» አለች እህቴ ከአልጋዋ ላይ። «እኔም ልቀልጥ ነው። አናቴ ላይ ያደረጉልኝ ቅቤ ጀርባዬ ላይ ደርሷል።»

«እሺ፣ ኢንጂነሯ ታውቃለች!» ብለው ሻርፓቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው ወጡ።

የበረዶ ሥዕል ያለበትን ቁልፍ ተጫንኩ። ወዲያው ክፍሉ ቀለል አለ፤ እህቴም እፎይ አለች። አክስቴ ቆይተው ሲመለሱ ተረጋግተው ነበር። አጠገባችን ተቀመጡ፤ ይቅር ያሉኝ መሰለኝ። ብዙም ሳይቆይ ግን ከማሽኑ የሚወጣው አየር ለብ ማለት ጀመረ። ቁጥሩን ዝቅ አደረግሁት። አሁንም ዝቅ። ማሽኑ ያጉረመርማል እንጂ አያቀዘቅዝም።

ከዚያ ሕፃኑ ጡት እምቢ አለ። እህቴ ጡቷን ወደ አፉ ስታስጠጋ ጭንቅላቱ ወደ ጎን ይወድቃል። ገላው ይፋጃል።

«አልኩሽ» አሉ አክስቴ፣ በሹክሹክታ። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

ማሽኑን ራሴ አጠፋሁት። አክስቴ ሕፃኑን በሌላ ብርድ ልብስ ሲጠቀልሉት፣ ጫፉን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። በጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚህ ጣቴ ንፋስ አስገብቼበታለሁ።

እህቴ እስከ ዓይኗ ተከናንባ፣ እኔ ሕፃኑን ታቅፌ በጎረቤት ታክሲ ወደ ጤና ጣቢያ ወረድን። አክስቴ ዱዓ ሊያደርጉ ቤት ቀሩ። ነርሷ ሕፃኑን መግፈፍ ጀመረች። ብርድ ልብስ፣ ሌላ ብርድ ልብስ፣ ሹራብ፣ ከሥሩ ደግሞ ሌላ ሹራብ።

«ሽንኩርት አደረጋችሁት እኮ!» አለች።

እህቴ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነ። ሐኪሙ ደረቱን አዳምጦ እስኪጨርስ ጠበቅሁ።

«ኤሲ ከፍቼበት ነበር» አልኩት በመጨረሻ።

«ሳንባው ደህና ነው። ታፍኖ ነው የጋለው። ቀን ክፍሉን ቀዝቀዝ አድርጉለት። እንደገና ከጋለ ወይም ጡት እምቢ ካለ ግን፣ አንድ ደቂቃ እንዳትቆዩ፤ አምጡት።»

ሰውነቱ በረድ ሲል እዚያው ጠባ። ቤት ስንደርስ ብርዱ መውረድ ጀምሮ ነበር፤ እንደገና እንዳይግል ብለን ማሽኑን እንዲያሞቅ አልከፈትነውም። እኔ ግን የማስበው ነገን ነበር። ነገም ፀሐይ ትወጣለች፤ ማሽኑ ደግሞ አያቀዘቅዝም።

እሑድ ጠዋት ወደ ጓሮ ዞርኩ። የማሽኑ ሌላው ክፍል፣ ማራገቢያ ያለው ሳጥን፣ እዚያ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሳጥኑ አይታይም። ክረምት እንጨት የምንሸፍንበት ሰማያዊ ሸራ ዙሪያውን ተጠቅልሎበት በገመድ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ቋጠሮውን አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሆነን አክስቴ የምሳ ዕቃችንን የሚቋጥሩልን እንዲህ ነበር።

ወዲያው ገባኝ። ትናንት ተቆጥተው የወጡት ወደዚህ ነበር። ሳጥኑ የእንጦጦን ንፋስ ስቦ ወደ አራሷ የሚያስገባ መስሏቸዋል። ማሽኑ ግን ከውጪ አየር አያስገባም፤ የክፍሉን ሙቀት ወስዶ ውጪ ይጥላል እንጂ። ታፍኖ የት ይጣለው?

ዝም ብዬ ብፈታው ቀትር ላይ መልሰው ያስሩታል። ለእህቴ ብነግራት፣ ልጇ እጇ ላይ ሲዝለፈለፍ አይታለችና ይቅር አትላቸውም። የቀረው ለራሳቸው መንገር ነው፤ እኔ ደግሞ ተሳስተዋል ብያቸው አላውቅም። ቢሆንም ገመዱን ፈታሁ። ገብቼ ማሽኑን ወደ ቅዝቃዜ አዞርኩና አክስቴ ከስግደታቸው እስኪነሱ በር ላይ ቆምኩ።

«እትዬ፣ አንዴ ይምጡልኝ።»

ሳጥኑን ራቁቱን ሲያዩ ቆም አሉ። «ፈታሽው?»

እጃቸውን ይዤ ማራገቢያው ፊት አደረግሁት። በዚያ ቀዝቃዛ ጠዋት ሞቃት አየር መዳፋቸው ላይ ነፋ።

«ይሞቃል!» አሉ።

«የክፍሉ ሙቀት ነው እትዬ። የሚወጣ እንጂ የሚገባ የለም።»

እጃቸውን አላነሱም። ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ «ትናንት ታዲያ...» አሉና ተዉት። ከውስጥ ሕፃኑ አለቀሰ።

ሸራውን አጣጥፌ ሰጠኋቸውና ገባሁ። ከተደራረቡለት ብርድ ልብሶች አንዱን አነሳሁለት። አንገቱን ነካሁት፤ ደርቋል። ቢሆንም እጄን አላነሳሁም።