ከጽጌረዳዋ ኋላ የቆሙት እናት

ባንተአምላክ ቢቸና ላይ ፎቶ ቤት ከከፈተ አስራ አንድ ዓመቱ ነው፤ አስራ አንዱንም ዓመት የኖረው ተናዶ ነው። ደንበኛው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ሙሽራ ሲያነሳ አዳራሹ በሙሉ ይታይልን ይሉታል፤ ልጅ ሲያነሳ አዲሱ ቆርቆሮ፣ በሩ፣ የታሰረችው ላም ሳትቀር ትውጣልን ይሉታል። እሱ የሚወደው ደግሞ ሌላ ነው። ሌንሱን አበባዋ አጠገብ አስጠግቶ እሷን ብቻ ማጥራት፣ ከኋላዋ ያለውን ሁሉ ማደብዘዝ። ይህን ሥራውን ያዩ ሁሉ “ምነው፣ ይሄ ተበላሸብህ?” ይሉታል። ያኔ ደሙ ይፈላል። “ዓይን የላቸውም” ይላል ለሚስቱ። እሷም ሰምታ ሰምታ ሰልችቷታል።

አምና በጥቅምት ሞጣ ላይ የፎቶ ዐውደ ርእይ ሊዘጋጅ ነው ሲባል እማማ ጥሩአየሁ ዘንድ ሄደና “ነገ ካሜራ ይዤ እመጣለሁ” አላቸው። የእማማ ጥሩአየሁን ጽጌረዳ የማያውቅ የለም። በዘመነ ጽጌ ከእሳቸው ግቢ ለቤተ ክርስቲያን አበባ ያልሄደበት ዓመት አይታወስም።

በነጋታው ሲደርስ እማማ አዲስ ሻሽ አስረው፣ ጥለት ያለውን ነጠላ ለብሰው በር ላይ ጠበቁት። ምን ያድርጉ? ካሜራ ሰው ቤት ድረስ የሚመጣው ሰው ሊያነሳ ነው እንጂ ለአበባ ይመጣል ብሎ ቢቸና ላይ ማን ያስባል? ባንተአምላክ ግን ልብሱን እንጂ የለበሱትን ሴትዮ አላየም። ነጩ ነጠላ ከቀይዋ ጽጌረዳ ኋላ ሲደበዝዝ እንዴት እንደሚያምር ብቻ ታየው።

“ትንሽ ወደ ኋላ ይሂዱልኝ፣ እማማ።”

ሄዱ።

“ትንሽ ይጨምሩ።”

አጥሩ ጥግ እስኪደርሱ ጨመሩ። እጃቸውን ወደ ታች አድርገው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ቀጥ ብለው ቆሙ። ሲጨርስ፣

“በደንብ ወጣሁ፣ ልጄ?” አሉት።

“ግሩም ነው” አላቸው፤ የሚያየው ጽጌረዳዋን ነበር።

ሞጣ ላይ ያ ፎቶ ተመሰገነ። “ተበላሸብህ” ያለው ሰው አልነበረም። ባንተአምላክ በፍሬም አድርጎ ፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀለው፤ ከዚያ ወዲህ ደንበኞቹን በንቀት ነበር የሚያያቸው።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ እማማ ጥሩአየሁ አረፉ። በማግስቱ ጧት ልጃቸው ወይንእሸት ዓይኗ አብጦ መጣች።

“የእናቴን ፎቶ ስጠኝ፤ ልቅሶው ላይ የሚያዝ የለንም። መታወቂያዋ ላይ ፊቷን ማኅተም በልቶታል። ‘ባንተአምላክ አሳምሮ አንስቶኛል፣ ስሞት ከሱ ውሰጂ’ ብላኝ ነበር።”

ባንተአምላክ ወደ ግድግዳው አመለከተ። ወይንእሸት ጠጋ ብላ ፎቶውን ከጥግ እስከ ጥግ አየችው።

“እናቴ የታለች?”

“በቀኝ በኩል... ነጩ።”

“ይኸ ነው እናቴ?” አለች። “የአበባዋን እሾህ ሳይቀር አጥርተህ እናቴን ጭስ አደረግሃት? እሷ እኮ ያን ነጠላ ከሣጥን ያወጣችው ላንተ አበባ ብላ አይደለም።”

“ዓይን የላችሁም” የሚለው የአስራ አንድ ዓመት ቃሉ አፉ ላይ መጣ፤ ግን ማን ነው ዓይን ያልነበረው? አፈረ፤ በራሱም ተናደደ። ኮምፒውተሩን ከፍቶ የዚያን ቀን ያነሳቸውን አርባ ሦስት ፎቶዎች አንድ በአንድ አያቸው። አርባ ሦስቱም ላይ ጽጌረዳዋ ጥርት ብላለች። አንዴም፣ አንድ ጊዜ እንኳ፣ ወደ ሴትዮዋ ፊት አላነጣጠረም።

“አውርደው” አለችው ወይንእሸት።

አውርዶ ከፍሬሙ አወጣላት። ጉርድ ፎቶ የሚቆርጥበትን መቀስ ከጠረጴዛው ላይ አነሳችና ፎቶውን ከላይ እስከ ታች ቆረጠችው። ጽጌረዳዋን ወደ እሱ ገፋችለት።

“ይሄ ያንተ ነው።”

ነጩን ብዥታ በነጠላዋ ሸፍና ወደ ልቅሶው ይዛው ሄደች።