በርጩማው በር ላይ እስካለ

ምብራት መዝገብ ቤት ያረጀች ሴት ናት። ቀን ያልተጻፈበት ወረቀት እጇ ላይ አያድርም። ፒያሳ ሲፈርስ የሱቆቹን ታሪክ በኮምፒውተር እንድታስቀምጥ ተመደበች። ፕሮግራሙን የሠራው ወጣቱ ባለሙያ አብዱልሃኪም ነው፤ ማሽኑ የተነገረውን ድርጊት ይዞ ያልተነገረውን ከዚያ ይደርስበታል።

«አንዴ የሆነ ነገር፣ የሚለውጠው ድርጊት እስካልመጣ እንደነበረ ይኖራል ብሎ ነው የሚይዘው» ብሎ አስረዳት። «ሰው ገባ ካሉት፣ ወጣ እስኪሉት ድረስ ውስጥ ነው።»

የሰፈሩን ደንብ ለማሽኑ ያስተማረችው ግን እሷ ናት፦ ባለሱቅ በሩ ላይ በርጩማ አጋድሞ ከሄደ ቅርብ ነው፤ ይመለሳል። ወንድሟ ሉልሰገድ በዚህ ደንብ ኖረ። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ሰዓት ይጠግን ነበር። በርጩማውን አጋድሞ ማኪያቶ ሊጠጣ ይወጣና ጨዋታ ይዞት ይቀራል።

«አንተ፣ የሰው ሰዓት ስትሞላ የራስህን ማን ይሙላልህ?» ትለዋለች።

«በርጩማዬን አላየሽም እንዴ እህትዓለም? እሱ ካለ እኔም አለሁ በያቸው!»

ባለፈው ክረምት ደረቱን ያዘው። በርጩማውን አጋደመና «ሐኪም አይቶኝ መጣሁ» ብሎ ወጣ። በዚያው ቀረ። ከጎረቤት በርጩማውን ለማንሣት እጁ የታዘዘለት አልነበረም። አፍራሾቹ ሲመጡ ምብራት ራሷ አነሣችው።

አንድ ጠዋት አብዱልሃኪም ማሽኑን ሲፈትን፣ የማን ወንድም እንደሆነ ሳያውቅ፣ ሰዓት ሠሪው ሉልሰገድ የት እንዳለ ጠየቀው።

«ሱቁ ፈርሷል። ሉልሰገድ ቅርብ ቦታ ሄዷል፤ ይመለሳል።»

አብዱልሃኪም በሳቅ ፈረሰ። «እትዬ ምብራት፣ ሰውየው የት ሊገባ ነው የሚመለሰው? አንድ ነገር ረስተዋል!»

አልረሳችም። የሱቁን መከፈት፣ የበርጩማውን መጋደም፣ መፍረሱን ከነቀኑ ጽፋለች። ያችን አንዷን መስመር ግን ነገ፣ ነገ እያለች ታሳድራታለች። እሷ እስካልተጻፈች ድረስ፣ አንድ ቦታ ላይ እንኳ ሉልሰገድ ገና ይመለሳል።

«ወንድሜ ነው» አለችው።

የአብዱልሃኪም ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። «ይቅር ይበሉኝ እትዬ። አላወቅኩም። ነፍስ ይማር… እኔ ልጻፍልዎት?»

«ተው ልጄ። የእኔ ሥራ ነው።»

ሉልሰገድ ሞተ ብላ ጻፈች። ቀኑን ጨመረች። ማሽኑን መልሳ ጠየቀችው።

«ሉልሰገድ ሞቷል፤ አይመለስም። በርጩማው መነሣቱ አልተነገረኝም፤ እንደተጋደመ ነው።»

ምብራት ጣቶቿን ከመጻፊያው ላይ ሰበሰበች። በርጩማው አምስት ኪሎ ባለው ቤቷ፣ በሯ ላይ ተጋድሟል። ዛሬም ስትወጣ አላነሣችውም፤ ተሻግራው ነው የመጣችው።