ቀዩ ፓራፋንጎ

ዛሬ ጠዋት የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ጣለ። መተማ ላይ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ የክፍሌ መስኮት አጠገብ ቆሜ፣ ለወራት ተሰነጣጥቆ የከረመው ጥቁር አፈር ውኃ ሲጠጣ የሚያወጣውን ሽታ እየማግሁ ሳለ አንድ ተማሪዬ ዘግይቶ በሩ ላይ ብቅ አለ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሷል፤ በብብቱ ሥር የተጣመመ የብስክሌት ፓራፋንጎ ሸጉጧል። «መምህርት፣ ጎማው አልዞር ቢለኝ ነቅዬው መጣሁ» አለ። ልጆቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ፤ የዘገየን ልጅ ምክንያት ሳላስዘረዝር፣ በምክንያቱም ላይ የራሴን ማብራሪያ ሳልጨምር እንደማላልፍ ያውቃሉ። እኔ ግን «ግባ» ብቻ ብዬ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርሁ፤ ጠመኔውን እንደያዝሁም ምን ልጽፍ እንደነበር ጠፋኝ።

ለማያውቀው ላስረዳ። ፓራፋንጎ ማለት ከጎማው በላይ እንደ ቅስት ታጥፎ የሚገጠመው፣ ጭቃ ወደ ነጂው እንዳይረጭ የሚከላከለው ቆርቆሮ ነው። አስፋልት ላይ ደግ ነገር ነው። በእኛ ጥቁር አፈር ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ይህ አፈር ሲረጥብ ሊጥ ነውና ጎማው ላይ ይጠመጠማል፣ በየዙሩ ይደልባል፣ በጎማውና በቆርቆሮው መካከል ያለችውን የሁለት ጣት ክፍተት ሞልቶ እንደ ሽብልቅ ይቀረቅራታል። ከዚያ በኋላ ብስክሌቱ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አይልም። ከድንበሩ ማዶ ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ያደገ ልጅ ሁሉ ይህን ያውቃል። እኔም በዘጠኝ ዓመቴ አውቀው ነበር።

አባየ ከጎንደር ቆላ ለሰሊጥ አጨዳ ተሻግሮ፣ በዚያው ገዳሪፍ የአንድ ነጋዴ መጋዘን ጠባቂ ሆኖ የቀረ ሰው ነበር። ከማን እንደገዛው የማላውቀው አሮጌ ብስክሌት ነበረው፤ ሱዳኖቹ ዐጀላ የሚሉት፣ ጥቁር፣ ከባድ፣ ሲነዱት እንደ ሽማግሌ የሚያቃስት። አባየ ከሎሪ ቀለም በተረፈ ቀይ ሁለቱን ፓራፋንጎዎች ቀባቸውና ብስክሌቱ ባንድ ቀን ሙሽራ ሆነ። ሱዳን የሚታረፈው ዓርብ ስለሆነ፣ ዓርብ ዓርብ በማለዳ እኔን ከፊት ብረቱ ላይ፣ እማየን ከኋላ በጎን አስቀምጦ፣ ከከተማው ወጥተን በአስፋልቱ እንበርራለን፤ ከዚያ ወደ ጥቁሩ ሜዳ ታጥፈን፣ ዙሪያውን የኒም ዛፍ የበቀለበት ሐፊር፣ ማለትም የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት ትልቅ ጉድጓድ ዘንድ እስክንደርስ አንወርድም። እማየ በአንድ እጇ የአባየን ወገብ፣ በሌላው የፉሉን ድስት ትይዛለች፤ ዓርብ ለእኛ ጾም ነውና ከፉል በሰሊጥ ዘይት የሚበልጥ ምሳ አልነበረንም።

ሁልጊዜም አያ ኢድሪስ አብሮን ነበር። የጎንደር እስላም ነው፤ ከአባየ አስቀድሞ ተሻግሮ ሰፈራችን ውስጥ ትንሽ ሱቅ የከፈተ፣ ከአፉ ቀልድ የማይጠፋ ሰው። ሚስቱ ዘይነብ ከኋላው ዣንጥላ ዘርግታ ትቀመጣለች።

«ያ ጌታሁን! ዐጀላ ነው አህያ ነው የምትነዳው?» እያለ አባየን እንደ ሱዳኖቹ እየጠራ ያልፈናል።

«ሚስትህ ሸራ ዘርግታ እንደ ጀልባ በነፋስ እየገፋችህ ደግሞ ነዳሁ ትላለህ!» ይላል አባየ እያለከለከ።

እኔ ከፊት ሆኜ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ጎማ ሲዞር ለምን እንደማይወድቅ፣ የማውቀውንም የማላውቀውንም አስረዳለሁ። አባየ ዳገት ላይ ሲደርስ «መምህርት፣ እባክሽ ዝም በይ፤ ትንፋሼን ላግኝበት!» ይለኛል። ስሜ ሌላ ነው፤ እሱ ግን መምህርት ይለኝ ነበር። ወደ ቀትር ሲጠጋ አያ ኢድሪስ ጥላውን በእግሩ ይለካና «ተነሡ፣ ጁምዓ እንዳያመልጠኝ» ይላል፤ በእሱ ሶላት ምክንያት እኛ ክርስቲያኖቹም ፀሐይ ሳይበረታ፣ ከሰዓት በኋላ የሚመጣውም ዝናብ ሳይደርስብን ቤታችን እንገባ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበረን። ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲሰማ የሰፈሩ ብስክሌተኛ ሁሉ ፓራፋንጎውን ያወልቃል። ቁልፉ አንድ ነው፤ የአያ ኢድሪስ። እሱ ከቤት ቤት እየዞረ ብሎኑን ይፈታል፣ ቆርቆሮዎቹም እስከ ሰሊጥ አጨዳ ድረስ ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ። ቀዩን ፓራፋንጎ ግድግዳችን ላይ ሳየው ለእኔ ክረምት ገባ ማለት ነበር።

ከዚያ ያ ክረምት መጣ፤ መጣ ማለቴ ሳይመጣ ቀረ። ደመናው ይጠቁራል፣ ሰው በረንዳ ላይ ወጥቶ አንጋጦ ይጠብቃል፣ ደመናው እንደ እንግዳ ሰው አልፎን ይሄዳል። ሐፊሩ ደርቆ መሬቱ ክንድ እስኪያስገባ ተሰነጠቀ። ያን ዓመት ፓራፋንጎ ያወለቀ የለም። ሰባ ሰባት ሲገባ ከድንበሩ ወዲያ፣ ከኢትዮጵያ፣ ሰው እንደ ጎርፍ መፍሰስ ጀመረ፤ እማየ ከመጡት መካከል የሀገሯን ሰው ፍለጋ በየቀኑ አውቶቡስ መናኸሪያው ትሄዳለች። አንድ ቀን ታናሽ እኅቷን፣ አክስቴን ዘርፌን፣ የስድስት ዓመት ልጇን እንጉዳይን እንዳዘለች አገኘቻት። ሌሎቹ ልጆቿ የት እንደቀሩ ማንም አልጠየቀም።

እንጉዳይ አትናገርም፣ አትጫወትም፣ የሰጧትን ምግብ ግማሹን ቀሚሷ ውስጥ ትደብቃለች። እማየ እያለቀሰች፣ እኔ እያስረዳሁ፣ ሁለታችንም አልቻልናትም። አንድ ዓርብ አባየ ምንም ሳይላት አንስቶ ከፊቱ አስቀመጣትና ደወሉን ቅጭል አደረገው። ቀና ብላ አየችው። «ድገመው» አለች። በቤታችን የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሐፊሩ ቢደርቅም ዓርብ ቀረን አናውቅም፤ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ እማየ ከእኅቷ ጋር ቤት ቀርታ። በወራት ውስጥ ጉንጯ ሞላ፣ ደወሉን የምትደውለው እሷ ሆነች፣ ቅዳሜ ማታ ጀምራ «ዓርብ ስንት ሌሊት ቀረው?» ትለኛለች። ቀዩን ፓራፋንጎ ምራቋን እንትፍ እያለች በቀሚሷ ጫፍ ትወለውለው ነበር።

ሰኔ ሲገባ ደመናው ተመለሰ። አያ ኢድሪስ ዘመዱን ከስደተኞቹ መካከል ሊፈልግ ሾዋክ ከመሄዱ በፊት ቁልፉን ይዞ መጣ። «ያ ጌታሁን፣ እናውልቀው፤ ዘንድሮ ወላሂ ይዘንባል።» እንጉዳይ ፓራፋንጎውን ሙጭጭ አድርጋ ይዛ አለቀሰች። እኔ ደግሞ ተነሣሁና በጣቴ እየቆጠርሁ አስረዳሁ፤ አንደኛ፣ አምናም ደመና ነበር፣ አልዘነበም። ሁለተኛ፣ ቢዘንብ እንኳ እስኪርስ ስንት ቀን ይፈጃል። ሦስተኛ፣ ልጅቱ ስታለቅስ የበላችው ይጠፋባታል።

አባየ እንባ እስኪያወጣ ሳቀ። «ኢድሪሴ፣ መምህርት ፈረደች። ከሾዋክ ስትመለስ እናወልቀዋለን።»

አያ ኢድሪስ ቁልፉን ኪሱ ከተተና «ከእሷ ጋር ማን ይሟገታል» ብሎ ወጣ።

በዚያው ዓርብ ሦስታችን ብቻ ወጣን። ጥላ የሚለካ፣ ተነሡ የሚለን አልነበረምና ኒሙ ሥር ቆየን። ቀትር ላይ እንጉዳይ ሆዴን አለች። ከዚያ ማስመለስ፣ ከዚያም ማስቀመጥ፤ ያን ሰሞን ከየመጠለያው ስሙ በሹክሹክታ የሚነሣው በሽታ ነበር፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዓይኗ ጉድጓድ ገባ። አባየ በነጠላው ደረቱ ላይ አሰራትና ብስክሌቱ ላይ ወጣ፤ እኔም ከኋላ ዘለልሁ። ሰው ሁሉ ዓመት ሙሉ የለመነው ዝናብ የያዘን ያን ጊዜ ነው፤ ሜዳው መካከል፣ አስፋልቱ እንደ ክር በሩቅ ሲታየን።

ጎማው አሥር ጊዜ ቢዞር ነው፤ ቀጥ አለ። አባየ ወርዶ በእንጨት ፋቀው፤ ዞረ፣ ቆመ። እንደገና ፋቀው። ብሎኑን በጣቱ፣ በጥርሱ ሞከረው፤ ቁልፉ ሾዋክ ነው። ቆርቆሮውን ይዞ ሲጎትት መዳፉ ተሰነጠቀ፤ ቀዩ ቀለም የቱ እንደሆነ፣ ደሙ የቱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። እንጉዳይ «ውኃ» ትላለች፤ በዚያ ሁሉ ዝናብ ሥር ውኃ የምንሰጥበት ዕቃ የለንም፤ አባየ የነጠላውን ጫፍ እየጨመቀ አፏ ውስጥ ያንጠባጥብላታል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ከብስክሌቱ አትለዪ። ኢድሪስ ዛሬ ከሾዋክ ይመለሳል፤ እልክልሻለሁ» አለና ሮጠ። ሩጫ ልበለው እንጂ ጭቃው በየእርምጃው እግሩን ይነጥቀው ነበር።

እኔ ተንበርክኬ መቆፈር ጀመርሁ። ጎማው ከዞረ አባየ ይመለሳል፣ ሁለቱም ይመለሳሉ ብዬ በልቤ ወሰንሁ። በእንጨት፣ እንጨቱ ሲሰበር በጥፍሬ። ዝናቡ ቆመ፣ ፀሐይዋ ወጥታ ወደ መጥለቁ አዘቀዘቀች፤ እኔ እቆፍራለሁ። አያ ኢድሪስ ጫማውን በእጁ ይዞ ሲመጣ የፊቱ ጎማ ከመሬት ተነሥቶ በእጄ ይሽከረከር ነበር።

«አያ ኢድሪስ፣ እይ! ይዞራል!» አልሁት።

ጫማውን ጥሎ አጠገቤ ተንበረከከ። «ተይው፣ ልጄ» አለና እጄን በጥምጣሙ ጠራረገው። እንደ ሌላው ጊዜ ቢቀልድ ኖሮ ገና ተስፋ ይኖረኝ ነበር።

አባየ አስፋልቱ ደርሶ ሎሪ አስቁሞ ነበር። ሐኪም ቤቱ በር ላይ የተቀበሉት ሰዎች ምን እንዳሉት እሱ ነግሮኝ አያውቅም፤ ካደግሁ በኋላ ያወጣው አያ ኢድሪስ ነው። ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን፣ ነው ያሉት። አክስቴ ዘርፌ አላለቀሰችም፤ የልጇን ቀሚስ ስታጥፍ ከውስጡ የደረቀ ቂጣ ወደቀ፣ አነሣችውና መልሳ ደበቀችው።

ያን ዓመት እህሉ አማረ። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሆነ፤ ሰው ዝናቡን እየመረቀ አጨደ። አባየ ቀዩን ፓራፋንጎ አውልቆ ግድግዳ ላይ ሰቀለው፣ አጨዳ መጥቶ ሲያልፍም ከዚያ አላወረደውም። ብስክሌቱን ለሥራ ብቻ ነዳው። ፉሉ፣ ዣንጥላው፣ ኒሙ ሥር መቀመጡ፣ ማንም ይቅር ሳይል ቀረ። እኔን አንድ ቀን አልወቀሰኝም፤ በክፉ ዓይንም አላየኝም። የተማሪዬን ፓራፋንጎ ዛሬ ሳየው ያጣሁትን ሁሉ በተራ ለመቁጠር ሞከርሁ፤ እንደ ልማዴ አንደኛ፣ ሁለተኛ እያልሁ፣ እንጉዳይ ላይ ጀምሬ። ዓርብን ቆጠርሁ፣ የአባየን ሳቅ ቆጠርሁ። መጨረሻው ላይ የቀረው ከሁሉ ትንሹ ነው፣ ከሁሉም ይብሳል።

የመምህርነት ዲፕሎማዬን ይዤ ገዳሪፍ የተመለስሁ ቀን አባየ አርጅቶ ነበር። ወረቀቱን በሁለት እጁ፣ ጠባሳው ባልጠፋ መዳፉ ተቀበለኝና ብዙ አየው። ከዚያ ዓርብ ወዲህ ጠርቶኝ በማያውቀው ስም «መምህርት» ይለኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ።

«ደግ አደረግሽ፣ ልጄ» አለኝና ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ።