ከሽቦው ወዲያ የቆመው ሰውዬ

በቴኒስ የተሸነፍኩትን ሁሉ አላስታውስም፤ ብዙ ነው። የኮምቦልቻውን ግን ነጥብ በነጥብ አውቀዋለሁ። እንዴት ተሸነፍሽ ሲሉኝ «ስድስት ለስምንት» ብዬ እመልሳለሁ። ቁጥር ከነገሩት፣ ሰው ሌላ አይጠይቅም።

ላሊበላ ላይ ቴኒስ ይጫወታሉ ወይ የሚል ካለ፣ አይጫወቱም። አባቴ የሚሠራበት ሆቴል ባለቤት ለፈረንጅ እንግዶቹ ብሎ ከግቢው ጀርባ አንድ የቀይ አፈር ሜዳ አሠርቶ ነበር። አባቴ አትክልተኛ ስለነበር ሜዳውም ከጽጌረዳው ጋር ለእሱ ተሰጠው። በርሜል ውስጥ ሲሚንቶ ሞልቶ በሠራው መዳመጫ መሬቱን ይደለድላል፣ ውኃ ያርከፈክፋል፣ ጠዋት ጠዋት ሲባጎ ወጥሮ በኖራ መስመር ያሰምራል። ከዚያ እንግዳው ጠፋ፤ መጀመሪያ በኮሮና በሽታው፣ ቀጥሎ በጦርነቱ። ሜዳው ባዶውን ሲቀርም አባቴ ማስመሩን አልተወም። አንድ ቀን መስመሩ ጣት ታህል ጠሟል ብሎ አጥፍቶ እንደገና ሲያሰምር አየሁት።

«አባየ፣ ማን ሊጫወትበት ነው?» አልኩት።

«አንቺ አለሽ አይደል» አለኝ።

ቀልዱን ነበር። እኔ ግን ከዕቃ ቤት እንግዳ ትቶት የሄደ ራኬት ፈልጌ ይዤ መጣሁ። ጎበዝ ሆንኩ ለማለት አልደፍርም፤ ሦስት ዓመት ከግድግዳ ጋር የተጫወተ ሰው ግን ቢያንስ ትዕግሥት ይማራል። ግድግዳ አይሳሳትማ። በኋላ የስፖርት አስተማሪያችን አይቶኝ ውድድር ላይ አስመዘገበኝ፤ ከዚያ አንዱን ሳሸንፍ ሌላው እየመጣ፣ አሥራ ሰባት ዓመቴ ላይ ኮምቦልቻ ለፍጻሜ ደረስኩ።

ነገሩ እንዲህ ነበር፦ አንደኛ የምትወጣዋ ልጅ አዲስ አበባ ሥልጠና ትገባለች፤ ማደሪያውም ትምህርት ቤቱም አብሮ ነው። ሁለተኛ የምትወጣዋ የምስክር ወረቀት ይሰጣታል። ያንን ቦታ እፈልገው ነበር። ቢሆንም ባይሆንም የሚባል ዓይነት ፍላጎት አልነበረም፤ በሐሳቤ ልብሴን አጥፌ፣ ሻንጣዬን ሸክፌ ጨርሻለሁ።

አባቴ ለፍጻሜው ሳይነግረኝ መጣ። ዳኛ ባለበት ስጫወት አይቶኝ አያውቅም። በዚያ ሁሉ የኮምቦልቻ ሙቀት ጋቢውን ተከናንቦ ከሜዳው ሽቦ ጋር ተጠግቶ ቆሞ ሳየው፣ ከደጋ የወረደ መሆኑን ለመግለጽ ሌላ ምልክት አላስፈለገም። ቅርጫት ውስጥ ቆሎ ይዟል። ከሩቅ በእጄ ሰላም አልኩትና ወደ ጨዋታዬ ዞርኩ። አጠገቡ ሄጄ አልተሳለምኩትም፤ ጊዜ አልነበረም እላለሁ፤ ሁለት ደቂቃ ግን ነበር።

ባላጋራዬ የከተማው ልጅ ነበረች። ሻሿን ግንባሯ ላይ ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ ምንም ሳትቸኩል ነው የምትጫወተው። እኛ ጋ የምትበርረው ኳስ እዚያ ቆላው ላይ ከበድ ትላለች፤ እሷ ለምዳዋለች፣ እኔ አልለመድኩም። ቢሆንም የመጀመሪያውን ዙር እኔ ወሰድኩ፣ ሁለተኛውን እሷ። ሦስተኛው ላይ እኩል ሆንን፤ እንዲህ ሲሆን ሰባት ነጥብ ደርሶ በሁለት የበለጠ ያሸንፋል። አምስት ለአምስት ደረስን።

በዚያ ነጥብ ላይ ኳሷን ጥግ ላይ መታኋት። ትንሽ ነጭ አቧራ ቡን ስትል በዓይኔ አይቻለሁ። ዳኛው «ወጥታለች» አለ። እኔ ከዳኛ ጋር መከራከር አልችልበትም፤ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። አምስት ለስድስት። አንድ ነጥብ ብቻ ቀራት።

ቀጣዩን እኔ ጀመርኩ። አምስት ስድስት ጊዜ ተመላለስን፤ ከዚያ እሷ ደካማ ኳስ ላከችልኝ። እጄን ወደ ኋላ ሰብስቤ ልመታት ስል፣

«በሕግ አምላክ!»

ቆምኩ። ራኬቴን ዝቅ አድርጌ ቀጥ አልኩ። ኳሷ በጎኔ አልፋ ሄደች።

ይህን ስናገር በኋላ ያፈራኋቸው የአዲስ አበባ ጓደኞቼ ይስቁብኛል። እኛ ዘንድ ግን ይህ ቃል ከተጠራ ይቆማል፤ ማን አለው፣ ለምን አለው የሚባለው ከቆሙ በኋላ ነው። ገነተ ማርያም ገበያ ላይ ሁለት ጎረምሶች ዱላ ተማዘው፣ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ አሮጊት ከተቀመጡበት ሳይነሡ ይህንኑ ሲሉ ዱላው አየር ላይ ሲቀር አይቻለሁ። ቤትም ከወንድሜ ጋር ስንጣላ አባቴ ከዚህ ሌላ ተናግሮ አያውቅም። እጄ የቆመው ሳላዘው ነው። ባላጋራዬ አልቆመችም፤ አልፈርድባትም፣ ኳሷን ቀድማ መታታለች።

«ያችኛዋ ኳስ መስመሩን ነክታለች፤ ኖራው ተነሥቷል፤ ሂዱና እዩት» አለ አባቴ፣ ጣቱን በሽቦው አሾልኮ።

እውነቱን ነው። ኖራ ሲነሣ ከእሱ በላይ የሚያውቅ በዚያ ግቢ አልነበረም። ግን ላለፈችው ኳስ ነው በዚህችኛዋ መሐል የጮኸው። ቴኒስ ላይ እንዲህ እንደማይደረግ ማንም አልነገረውም። ልነግረው የሚገባኝ እኔ ነበርኩ።

ዳኛው ከከፍታ ወንበሩ ወረደ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስረዳኝ። «የማይመለከተው ተመልካች ከሆነ የረበሸሽ፣ ነጥቡ ይደገማል። አብሮሽ የመጣ ሰው ከሆነ ግን ነጥቡ የእሷ ነው፤ ጨዋታውም በዚሁ አለቀ። ሰውዬውን ታውቂያቸዋለሽ?»

አባቴ ከእኛ አምስት እርምጃ አይርቅም።

«አላውቃቸውም» አልኩ።

አንድ ሥነ ሥርዓት አስከባሪ ወደ ሽቦው ሄደና «አባት፣ ልጅዎ ናት እንዴ?» ብሎ ጠየቀው። አባቴ አላየኝም። «የማን ልጅ? እኔ መንገደኛ ነኝ። ሰው ተሰብስቦ አይቼ ነው የገባሁት» አለ። ጋቢውን ሰብስቦ፣ ቅርጫቱን አንሥቶ፣ ሳይገፉት በራሱ ፈቃድ በበሩ ወጣ። ማንም በማይጫወትበት ሜዳ ላይ የጣት ጥመት የማይተው ሰው ነው። ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ነጥቡ ተደገመ፤ አሸነፍኩት። ስድስት ለስድስት። በዚህ ቁጥር ላይ ተጫዋቾች ቦታ ይቀያየራሉ፤ ተቀያየርንና እሱ ቆሞበት ከነበረው ሽቦ ጋር ፊት ለፊት ሆንኩ። መሬቱ ላይ ጥቂት ቆሎ ፈስሷል። ኳሷን ለማስጀመር ሁለቴ መታሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ መረብ ላይ። ስድስት ለሰባት። እሷ የጀመረችውንም መረብ ላይ መታሁት። አለቀ።

ድካም ነው፣ ሙቀት ነው ልል እችላለሁ፤ ብዬም አውቃለሁ። አፍሬ ነበር። እጄ ያልታዘዘኝ በእፍረት ነው።

ልጅቱ መረቡ ጋ መጥታ አቀፈችኝ። «አብሽሪ እህቴ፣ ለጥቂት እኮ ነው» አለችኝ። ለጥቂት መሆኑ ምኑ እንደሚያጽናና እስከ ዛሬ አልገባኝም። አዲስ አበባ ገባች፤ በደንብ እየተጫወተች ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ይገባታል። እኔ ደግሞ አንዳንዴ ሒሳቡን እሠራዋለሁ። «አባቴ ነው» ብል ኖሮ የምሸነፈው አምስት ለሰባት ነበር። አባቴን ክጄ ያተረፍኩት አንድ ነጥብ ነው።

መናኸሪያው ጋ አገኘሁት። ውጤቱን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። «ኖራው ተነሥቶ ነበር» አለ። በማግስቱ ማልደን ተሳፈርን። የመስኮቱን ወንበር ለእኔ ለቀቀልኝ። ደሴን፣ ወልድያን አልፈን ዳገቱን እስክንጨርስ ይቅርታ የምልበትን ቃል ሳዘጋጅና ሳፈርስ ቆየሁ። እሱ አንቀላፋ፤ ወይም ያንቀላፋ መሰለ።

ጋሸና ላይ አውቶቡሱ ለምሳ ቆመ። ምግብ ቤቱ በጭነት መኪና ሾፌሮች ጢም ብሏል፤ የማይተዋወቅ ሰው ሁሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ አስተናጋጇ አብረው ይበሉ እንደሆነ ሁሉንም ትጠይቃለች። እኛም ጋ መጣች።

«ሽሮ ሁለት። አንድ ላይ ነው፣ ለየብቻ?»

አባቴ እጁን በጋቢው ጫፍ እያደረቀ ነበር።

«እሷን ጠይቂያት» አላት።

ፊቱ ላይ ቁጣ ፈለግኩ፤ የለም። ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር። መልሱን እንደ ማንኛውም ሰው ይጠብቃል።

«አንድ ላይ» አልኩ። በዚያ ጫጫታ አልተሰማትም፤ ጆሮዋን አስጠጋች።

«አንድ ላይ። አባቴ ነው» አልኩ። ድምፄ ከሚገባው በላይ ወጥቶ ሾፌሮቹ ዞረው አዩን።

አባቴ እኔን አላየም። እጅጌውን ወደ ላይ ሰበሰበና ወደ አስተናጋጇ ዞሮ፣ «ቃሪያም ጨምሪልን» አላት።