የአውራ ጣት ኮርቻ

ወረታ ሐኪም ቤት የጀሶ ክፍል ረዳት ሆኜ በገባሁበት ቀን፣ የመጀመሪያ ሥራዬ ጤነኛ እጅ በጀሶ መጠቅለል ነበር። አሳምሬ ነው የጠቀለልሁት፤ እሱን ማንም አይክደኝም።

ታካሚዋ እትዬ ትርንጎ የሚባሉ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ጭቃ ተሸክመው ሲወርዱ ወድቀው፣ የግራ አውራ ጣታቸው አጥንት ከሥሩ ተሰንጥቋል። እኔ ወረቀቱን በማንበብ ፋንታ፣ «በየትኛው እጅዎ ነው የሚሠሩ?» አልኋቸው። ቀኙን ዘረጉልኝ። መጀመሪያ ጥጥ፣ ከዚያ ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ጀሶ። ቶሎ እንዲደርቅም እፍ አልሁበት።

አለቃዬ ዶክተሩ ገብተው አዩ። «ግራው ነው» አሉኝ።

«እትዬ፣ ምነው ዝም አሉኝ?»

«ምን አውቄ ልጄ! ደህናውን አስቀድሞ ማሰር የሐኪም ቤት ወግ መስሎኝ» አሉ እየሳቁ።

ቀኙን ፈትቼ ግራውን አሰርሁ፤ አውራ ጣቱን ከመዳፉ ጎን ለጥፌ፣ ቀጥ አድርጌ። ዶክተሩ ይህንንም አስፈረሱኝ።

«ከአውራ ጣት ሥር ያለው መገጣጠሚያ ኮርቻ ነው» አሉ። «አንዱ አጥንት ኮርቻ፣ ሌላው ጋላቢ። ጋላቢው ወደፊትና ወደኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ሁለቱ እንቅስቃሴዎች ሲጣመሩ አውራ ጣት ዞሮ ከሌሎቹ ጣቶች ፊት ለፊት ይገጥማል። ብርጭቆ የምትይዘው በዚያ ነው። እንዲህ ተለጥፎ ቢደርቅ እኒህ እናት በምን ሊይዙ ነው?»

እኔ ኮርቻ ላይ አንድ ጊዜ ወጥቼ በማዶው ወገን ስለ ወረድሁ ነገሩ ቶሎ ገባኝ።

እትዬ ትርንጎ ግን ሳቃቸውን ተዉ። «የድስት አፍ ከውስጥ በዚህ ጣት ካልደገፍሁት ይወድቃል። ድስት ካልሠራሁ ምን እበላለሁ?»

በሦስተኛው ጀሶ ላይ የድስት አፍ እንደያዙ አድርገው ጣታቸውን ራሳቸው ከፈቱ። እኔ ስጠቀልል ክፍተቱን ትንሽ አጠበብሁት።

ጀሶው ሲነሣ ጣቱ እንደ እንጨት ደርቋል። ወንዛዬ ፍል ውኃ ውስጥ ነክረው፣ አውራ ጣታቸውን ከየጣቱ ጫፍ እያገናኙ መልሰው እንዲከፍቱ ነገርኋቸው። ከዶክተሩ የሰማሁትን ነው፤ አነጋገሬ ግን የራሴ ግኝት ያስመስል ነበር።

ክረምቱ አልፎ ውኃው ከሜዳው ሲሸሽ አዲስ ድስት ሊሸጡልኝ ይዘው መጡ። በሸክላ ሠሪዎች ዘንድ የሸክላ ዋጋ እህል ነው፤ ዕቃውን ሞልተህ ትሰጣለህ። አገላብጬ አየሁት፤ አፉ ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል።

«እትዬ፣ ይኸ እኮ ዘሟል» ብዬ እስከ ግማሹ ሩዝ ሰፈርሁላቸው።

«ያዘመመው ያንተ ጀሶ ነው። ሙላው!»

«ነገ እሞላዋለሁ» አልሁ።

ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስክወጣ ድረስ፣ ከማሰሬ በፊት ሁለት ነገር ጠይቄያለሁ፦ የታመመው የቱ ነው? በእሱስ ምን ይይዙበታል? ከዚህ የተረፈ ትምህርት የለኝም። የእትዬ ትርንጎ ግማሽ ድስት ሩዝ ግን እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ ነው።