ባልቴቷ የነበረችበት መታጠፊያ

የቦቴ ሾፌሩን የገሠሠን ችግር ለመናገር ብዙ ቃል አያስፈልግም። ከአሰብ ወደ ቡሬ ሲወጣ፣ ሠላሳ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ አንድ መታጠፊያ አለ። ያ መታጠፊያ ከሦስት መቶ ሜትር ርቀት ላይ መታየት አለበት። አይታይም። ባለመታየቱ አንድ ሰው ሞቷል፤ ገሠሠ ሁለተኛ ሰው እንዲሞት አይፈልግም።

ሦስት መቶ ሜትር ለምን? ነገሩ ከውጭ ለሚያየው ቀላል ይመስላል፣ ሲገቡበት ግን ያስደንቃል። ናፍጣ የሞላ ቦቴ ከነተሳቢው በቀጥታ ሜዳ ላይ ሰባ ሲነዳ ሾፌሩ እንደ ታክሲ ነጂ ፍሬን አይረግጥም። ድንገት ከረገጠ ውስጥ ያለው ናፍጣ ወደ ፊት ይላጋል፣ ተሳቢው ከኋላ ይገፋል፣ ገፍቶም በጎን ይመጣና መኪናውን ይገለብጠዋል። ስለዚህ መጀመሪያ እግሩን ከነዳጅ ያነሣል። ቀጥሎ ማርሽ ይቀንሳል፤ መኪናው ትንሽ ሲረጋ ደግሞ ይቀንሳል። መሪውን የሚያዞረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ሁሉ ሲደመር ሦስት መቶ ሜትር ይበላል። ገሠሠ ከመኪናው ወርዶ በእርምጃው ሦስት ጊዜ ለክቶታል።

ሁለተኛው ነገር የመታጠፊያው ተንኮል ነው። አስፋልቱ እዚያ ሲደርስ ወደ ግራ ይዞራል። ፊት ለፊት ግን ጣሊያን ድንጋይ ያስፈልጥበት ወደነበረ ቦታ የሚሄድ አሮጌ መንገድ አለ፤ ሰፊ፣ ቀጥ ያለ፣ ጠንካራ። አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ምንም አይልም። ከዚያ በኋላ ጎማ እስከ ወገቡ የሚውጥ አሸዋ ነው። ሰኔ ገብቶ ንፋሱ ሲነሣ አሸዋው አስፋልቱን ይሸፍነዋል፤ ሁለቱ መንገዶች አንድ መልክ ይይዛሉ። እንዲያውም የተሳሳተው የተሻለ ይመስላል።

ታዲያ ሾፌሮቹ ያን ሁሉ ዓመት እንዴት ነበር የሚታጠፉት? ከአሰብ እስከ አዲስ አበባ ባለው መንገድ መንግሥት ከተከላቸው የቆርቆሮ ምልክቶች ግማሾቹን አሸዋ ልጦ ባዶ አድርጓቸዋል፤ የቀሩት የሻይ ቤት በር ሆነዋል። ሾፌሮቹ ግን የራሳቸው ምልክት ነበራቸው። እንጨት ላይ የተሰቀለ የተቀደደ ጎማ ካየህ ቁልቁለቱ ክፉ ነው። ጎን ለጎን የቆሙ ሦስት በርሜሎች ካየህ ከፊትህ ያለው ድልድይ አንድ መኪና ብቻ ያሳልፋል። ማንም አልጻፈውም፤ አሮጌው ሾፌር ለአዲሱ ሾፌር ይነግረዋል፣ አለቀ። ሠላሳ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ደግሞ ባልቴቷ ነበረች።

ባልቴቷ በጣሊያን ጊዜ የተገለበጠች የጭነት መኪና ናት። በአሮጌው መንገድ አፍ ላይ፣ ደክሟት ቁጭ እንዳለች ሴት ጋደል ብላ ተቀምጣለች። ያለፈ ያገደመው ሾፌር የተረፈውን ነጭ ቀለም እየደፋባት ከሩቅ ታበራ ነበር። "ባልቴቷ ስትታይህ እግርህን አንሣ፤ በቀኝህ ትተሃት ታጠፍ።" ገሠሠም በሃያ አራት ዓመቱ የተማረው ይህንኑ ነው። አሁን አርባ ስድስት ሞልቶታል።

በ1976 ሚያዝያ ላይ የመንገድ ዳር ጽዳት ዘመቻ ታወጀ። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ትልቅ እንግዳ በመኪና ይመጣል ተባለ። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ጓድ አሥራት ነበር፤ አሰብ ከመጣ ሰባት ወሩ፣ መሪ ጨብጦ የማያውቅ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። ተረኛ ያልሆነ ሾፌር ሁሉ እሑድ እንዲወጣ ታዘዘ። ጎማው ተለቀመ፣ በርሜሉ ተለቀመ። ባልቴቷ ዘንድ ሲደርሱ ግን ዘይኑ የሚባለው ሾፌር ፊቷ ቆመ። ዘይኑ የገሠሠ የሃያ ዓመት ጓደኛ ነው፤ የወሎ ልጅ፣ ቀልደኛ፣ ሽርጡን ታጥቆ ቦቴ የሚነዳ።

"ጓድ ሊቀ መንበር፣ ይቺን እንኳ ተዋት።"

"ለምን? ዘመድህ ናት?" አለ አሥራት። ሰዉ ሳቀ።

"ከዘመድም ትበልጣለች። መታጠፊያችን እኮ ናት።"

"በአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሾፌር በቁራጭ ብረት አይመራም። ምልክት ይተከላል።"

"መቼ?"

"ሲደርስ ነዋ!"

የብረት ገመዱ የተሰጠው ለገሠሠ ነበር፤ ከሁሉም የእሱ መኪና ጉልበት ነበራትና። አሰረ። ዘይኑ ከዳር ሆኖ "አንተ ገሠሠ፣ የገዛ ዓይንህን ነው የምትጎትተው!" ብሎ ጮኸበት። ገሠሠ ሳቀና አንደኛ ማርሽ አስገባ። ባልቴቷ እየጮኸች ከአሸዋው ተነቀለች።

ገሠሠ ዛሬ አሥራትን ይጠላል። ከአሥራት በላይ የሚጠላው ግን ያን ሳቁን ነው።

ግንቦት ላይ እንደ ተባለው መታጠፊያው ላይ አንድ ነገር ተተከለ። አራት ሜትር ስፋት ያለው ሰሌዳ፤ የተጨበጠ እጅ፣ የስንዴ ዛላ፣ በቀይ የተጻፈ መፈክር። የሥዕሉ አሠራር ያምር ነበር። ፊቱ ግን ከላይ ወደ አሰብ ለሚመጣው እንግዳ ነው። ከአሰብ ለሚወጣው ሾፌር የሚታየው ጀርባው ነው፤ ያልተቀባ ላሜራ፣ መልኩ ከአሸዋው የማይለይ። ትልቁ እንግዳም በመጨረሻ የመጣው በአውሮፕላን ነው።

ሰኔ አሥራ አራት ቀን ንፋሱ ተነሣ። ዘይኑ ረዳቱ ወባ ይዞት ስለተኛ ብቻውን ናፍጣ ጭኖ ወጣ። ቀጥ ብሎ ሄደ። አሰብ ያሉት "ወጥቷል" ብለው መዝግበዋል፤ ላይ ያሉት ደግሞ ይመጣል ብለው ጠበቁ፤ የፈለገው የለም። ገሠሠ ራሱ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ከላይ ወደ አሰብ ሲመለስ በመታጠፊያው አልፏል። ንፋሱ የጎማውን ፈለግ ጠርጎት ስለነበር ምንም አላየም። በሦስተኛው ቀን ሁመድ የሚባል የደባይሲማ ጎሳ አፋር ግመሎቹን ሲፈልግ ዘይኑን ሞቶ አገኘው። መኪናውን አሸዋ ውጦበት በእግሩ ሲመለስ፣ አስፋልቱ ጋ ሊደርስ አራት ኪሎ ሜትር ቀርቶት ነበር። የውሃ ጀሪካኑ ባዶ ነው፤ ክዳኑን ግን በደንብ ገጥሞታል።

ከዚያ ወዲህ ገሠሠ ሌላ ሰው ሆነ። ነዳጅ ማጣሪያው በር ላይ ለመጫን ሲሰለፍ ሰላምታ የሰጠውን ይሰድባል። የመኪናውን በር ሲዘጋ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል። ሐምሌ ላይ አሥራት ቢሮ ገብቶ መታጠፊያውን በሲጋራ ፓኮ ላይ ሣለለት።

"ምልክት አለ እኮ፣ ጓድ ገሠሠ።"

"ለእኛ ጀርባውን ሰጥቶናል።"

"ማንበብ ያለበት ወደ ከተማ የሚገባው ሕዝብ ነው።"

"የሚገባው አይሳሳትም! ከላይ ሲመጣ ያለው መንገድ አንድ ነው። የሚሳሳተው የሚወጣው ነው። እየው፣ እዚህ ጋ፣ አሁን ሣልኩልህ አይደል?"

አሥራት ፓኮውን አላየም። "ሌሎቹ ሾፌሮች እየታጠፉ አይደል እንዴ? ሟቹ ቸልተኛ ነበር ማለት ነው።"

ገሠሠ ጠረጴዛውን ሲመታው የሻይ ብርጭቆው ተገለበጠ። "ዘይኑ ሃያ ሁለት ዓመት ነድቷል! አንተ ከዚህ ወንበር ተነሥተህ ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ሰው ነው የምትጠይቀው!"

አሥራት ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ያን ጊዜ እንዲህ የሚጻፍ ነገር ሰውን አያስተኛም። ገሠሠን ግን አላቆመውም። ነሐሴ ላይ ዝገት የሚከላከል ቀይ ቀለም በጣሳ ይዞ ሄደ፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ማንም እያየው፣ በሰሌዳው ጀርባ ላይ ወደ ግራ የሚጠቁም ትልቅ ቀስት ሣለ። ወደ ኋላ ሄዶ ለካው፤ ከአራት መቶ እርምጃ ታየ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንድም መኪና አልሳተም። በሃያኛው ቀን ተጠራ።

"የአብዮቱን ሰሌዳ ያበላሸኸው አንተ ነህ?"

"ጀርባውን ነው የቀባሁት።"

"ማን ፈቀደልህ?"

"መታጠፊያው።"

ስምንት ቀን ታሰረ። ሲወጣ ቀስቱ ግራጫ ተቀብቶ ጠበቀው፤ ካለው ቀለም ሁሉ መርጠው የአሸዋውን መልክ። ከዚያ ነጭ በርሜል አቆመ፤ በሳምንቱ ጠፋ። የወሰደው ሰው ውሃ ሊይዝበት ነውና ገሠሠ በእሱ ሊቆጣ አልቻለም። ሌላ አቆመ፤ እሱን ኮሚቴው አነሣው።

ኅዳር ላይ ሰሌዳውን በእግሩ እየረገጠ ሲሳደብ ሁመድ ከግመሎቹ ጋር ደረሰበትና እስኪበቃው ድረስ ቆሞ ተመለከተው።

"ጨረስክ?" አለው።

"አልጨረስኩም!"

"ብረት አታቁም። ብረት ፈላጊው ብዙ ነው። እኛ ሰው መንገድ ላይ ሲሞትብን ድንጋይ እንከምራለን። ያን ማንም አይነካውም።"

ገሠሠ ዙሪያውን አየ። ድንጋይ ሞልቷል፤ ግን እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ነው። ጥቁር በጥቁር ላይ አይታይም። አንዱን በኖራ ቀብቶ ትቶት ሄደ፤ በሁለት ሳምንት ንፋሱ ኖራውን ልጦታል። ወደ አሰብ ሲመለስ አሮጌዎቹ ቤቶች የተሠሩበትን የባሕር ድንጋይ አስተዋለ፤ ነጭ፣ ቀላል፣ ቀዳዳ የበዛበት። መልሱ እዚያ ነበር፤ እንዴት ያለ መልስ ነው! የባሕር ድንጋይ የተቀባ ስላልሆነ እስከ ውስጡ ነጭ ነው። አሸዋ ቢፍቀው ይበልጥ ይነጣል። ቀለሙን ሁሉ የበላው ንፋስ ለዚህ ድንጋይ አጣቢው ይሆናል ማለት ነው።

የፈረሰ ግንብ ሲፈልግ የዘይኑ ሚስት አሊማ አስጠራችው።

"የጓሮዬ ግንብ ወድቋል። ውሰደው።"

"አሊማ፣ ቤትሽን ላፈርስ አልመጣሁም።"

"ሲወድቅ የሚጠግነው እሱ ነበር። አሁን ማን ይጠግነዋል? ውሰድ አልኩህ!" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ደሞ ስማ። ባልቴቷን ማን እንደ ጎተታት አውቃለሁ። የዚያኑ ቀን ማታ ራሱ ዘይኑ እየሳቀ ነው የነገረኝ።"

ገሠሠ ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያውን ድንጋይ አነሣ።

እነሆ አሁን 1977 ግንቦት ነው። ገሠሠ በወጣ ቁጥር በመሣሪያ ሣጥኑ ስምንት ድንጋይ ይጭናል፤ ባልቴቷ በነበረችበት ቦታ ያወርዳል፤ ትልልቁን ከሥር፣ ትንንሹን በመሐል እያደረገ ይደረድራል። አሥራት አንድ ቀን መኪናውን አስቁሞ "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ብሎ ነበር። ሁመድና ሦስት ሰዎቹ ከክምሩ ጎን ቆመው "የሞተ ሰው ነው" አሉት። አሥራት አራቱንም ተራ በተራ አይቶ ወደ መኪናው ተመለሰ። አንዳንድ ሾፌሮችም ማምጣት ጀምረዋል። ባለፈው ሳምንት ንዋይ የሚባለው ባለ ተሳቢ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣

"ጋሼ ገሠሠ፣ ቤተ መንግሥት ነው የምትሠራው?" አለው።

"የአንተን መቃብር ነው። ድንጋይ ካመጣህ ይቀርልሃል!"

ንዋይ በማግስቱ ሁለት አመጣ።

ዛሬ ክምሩ የገሠሠ አገጭ ድረስ ደርሷል። ቀትር ላይ መኪናውን ሦስት መቶ ሜትር ወደ ኋላ መለሰና አሸዋ በጫረው መስታወት አየው። የሚያየው የክምሩን አናት ብቻ ነው፤ መዳፍ የማታክል ነጭ ነገር አየር ላይ ተንሳፍፋለች። የቀረውን ከመሬት የሚነሣው ወላፈን ውሃ መስሎ ውጦታል። ገሠሠ አሰላው፤ ወላፈኑ ከሥር አንድ ሜትር ከበላ ክምሩ ገና ሌላ ሜትር ይፈልጋል። ንፋሱ ሊነሣ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። በስምንት ስምንት ድንጋይ አይደርስም።

መሪውን በጡጫ መታ፤ አሥራትን ሰደበ፣ ወላፈኑን ሰደበ፣ ራሱን ሰደበ። ከዚያ መኪናውን ወደ መታጠፊያው አቀረበና ወርዶ፣ በናፍጣው ተሳቢ ፈንታ ዛሬ ከቀጠለው የደረቅ ጭነት ተሳቢ ላይ ሸራውን ገፈፈው። ዛሬ በስምንት አልመጣም። የአሊማን ግንብ የቀረውን በሙሉ ጭኖታል። ሸሚዙን አወለቀና ማውረድ ጀመረ።