በየአራት ሰዓቱ

ደሴ ሰኞ ገበያ ወርዳችሁ "ጥሩ ሰዓት ሠሪ ማን ነው?" ብትሉ፣ የሚጠቆመው የእኔ ጠረጴዛ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደልን ከሱቅ ማስታወቂያ፣ እንግሊዝኛን ከሰዓት ጀርባ፣ ሙያውን ከተሰበረ ሰዓት ሆድ ተማርኩ። "አበቃለት፣ ጣለው" ተብሎ እኔ ጋ መጥቶ ሳይሠራ የተመለሰ ሰዓት የለም ብል ትንሽ እዋሻለሁ፤ ሁለት አሉ። እነሱም ውሃ የገባባቸው ናቸው።

ይህን ሁሉ የሠራሁት በአንድ ዓይን ነው። ግራውን በልጅነቴ፣ ኩታበር ገጠር ሳለሁ፣ እሾህ ወግቶት፣ ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት በቀር አይረባኝም። ቀኙ ግን ማጉያ ሲገጠምለት ከጤፍ ያነሰች ብሎን ይለያል።

ይኸው ቀኝ ዓይኔ ባለፈው ዓመት ታመመ። ልጄ ከጅዳ ልትመጣ ሁለት ሳምንት ሲቀራት። ሰባት ዓመት አላየኋትም ነበር። በስልክ ትታየኛለች፤ ግን ስልክ ልጅን ያስናፍቃል እንጂ አያሳይም። ኔትወርኩ ሲደክም ከንፈሯ ቀጥ ይልና ድምጿ ብቻውን ይቀጥላል። ሰዓት እንዲህ ቢዛነፍ ፈትቼ አስተካክለው ነበር። ምኞቴ አንድ ነበር፦ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ቆሜ፣ ሰው ሲወርድ አካሄዷን ከሩቅ ለይቼ "ያቻትና!" ማለት። ከእናቷ ቀድሜ።

አንድ ጠዋት ሽፋሽፍቴ ተጣብቆ ተነሣሁ። ዓይኔ ቀልቷል፣ ቢጫ ዓይናር ይዟል። ጤና ጣቢያ ሄጄ የአንቲባዮቲክ ጠብታ ታዘዘልኝ። መድኃኒት ቤት ያለችው ልጅ ካርቶኑ ላይ "በየ4 ሰዓቱ 1 ጠብታ" ብላ ጻፈችልኝ። ልታስረዳኝ ስትጀምር፣

"ልጄ፣ ሰዓት ለእኔ ነው የምታስተምሪው?" ብያት ወጣሁ።

ቀን አንድ አራት ሰዓት አለ፤ ማታም አንድ አራት ሰዓት አለ። እኔም በሁለቱ፣ አንዲት ሴኮንድ ሳላዛንፍ ጠብ አደረግሁ። መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ከዚያ ዓይኔን ትንሽ ይጋርደዋል፣ ከዚያ ጉሮሮዬን ይመረኛል። ዓይን ውስጥ የገባ ነገር በየት በኩል ጉሮሮ ደረሰ? መድኃኒቱን ጠረጠርኩት እንጂ ራሴን አልጠረጠርኩም። ባለቤቴን ዓይኗን ሲበላት ጊዜ ከዚያው ብልቃጥ ለገስኳት፤ እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ጫፉን ሽፋሽፍቷ ላይ አስደግፌ።

በስድስተኛው ቀን የግድግዳውን ሰዓት ቁጥሮች ማንበብ አቃተኝ።

"አንቱ ሰውዬ" አለችኝ ባለቤቴ፣ "ልጅቱን በዳሰሳ ሊለዩዋት ነው?"

ይህ ከጠብታው በላይ አቃጠለኝ። በማግስቱ ሚኒባስ ይዘን ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሄድን። ልጄ ልትመጣ ሰባት ቀን ቀርቷታል። አንዲት ቀጭን ነርስ ዓይኔን በባትሪ እያየች ጠየቀችኝ፦

"አባባ፣ በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚያደርጉት?"

"እንደተጻፈው ነዋ! ቀን አራት ሰዓት ላይ፣ ማታ አራት ሰዓት ላይ።"

ካርቶኑን አየች፤ እኔን አየች። "ሥራዎ ምንድን ነው?"

ካርቶኑን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። ባለቤቴ ግን መች ታርፋለች፣ "ሰዓት ሠሪ ናቸው!" አለችና በሻሿ አፏን ሸፍና ሳቀች።

ነርሷም ሳቋን ዋጥ አደረገች። "አንዱን ጠብታ ካደረጉ በኋላ አራት ሰዓት ቆጥረው ሌላውን ማለት ነው። አሁን ግን ሰዓቱን ይተዉት። ይሰግዳሉ?"

"አልሃምዱሊላህ።"

"እንግዲያው ከየሶላቱ በኋላ ያድርጉ። ከኡዱ በፊት እንዳይሆን፤ ታጥበው ያወጡታል።"

ዕድሜዬን ሙሉ ሰዓት ስጠግን ኖሬ ሰዓት ተውና በሶላት ቁጠር ተባልኩ። ወላሂ፣ ሰባት ቀን ባይቀረኝ ኖሮ ተነሥቼ እወጣ ነበር።

ሐኪሙ አይቶን ለእኔም ለባለቤቴም አዲስ አዲስ ብልቃጥ አዘዘ። ነርሷ አንድ ብልቃጥ ለአንድ ሰው መሆኑን፣ ጫፉ ዓይን መንካት እንደሌለበት ነገረችን። ማጉያዬንም እስክድን ዓይኔ ላይ እንዳልሰካ ከለከለችኝ። ከዓይን ወደ አፍንጫ፣ ከአፍንጫ ወደ ጉሮሮ የሚወርድ ቀጭን ቦይ አለ አለችኝ፤ ምሬቱ በዚያ ነው የሚመጣው። ጠብታው እንደገባ ዓይንን ጨፍኖ፣ በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ በጣት ጫን ማለት ነው። የሰዓትን ሆድ ዕቃ ሁሉ የማውቅ ሰው ፊቴ ላይ ያለውን ቦይ አላውቅም ነበር።

"ማቃጠሉና መጋረዱ ቶሎ ያልፋል" አለችኝ። "የዓይንዎ ቆብ ካበጠ ወይም ካሳከከዎት ግን አቁመው ይምጡ። ዳንኩ ብለውም የታዘዘልዎ ሰባት ቀን ሳያልቅ እንዳይተዉት።"

በሦስተኛው ቀን ጠራልኝ፤ ልተወውም ዳድቶኝ ነበር። ባለቤቴ ብልቃጡን መስገጃው አጠገብ አስቀምጣ፣ "ሰባት ነው የተባሉት። ይህንንም እንዳይተረጉሙት!" አለችኝ። ሐሙስ ጨረስኩ፤ ዓርብ ኮምቦልቻ ወረድን።

ሰባት ዓመት ሙሉ በሐሳቤ ስትራመድ የነበረችው ልጅ እየዘለለች ነበር የምትሄደው። የወረደችው እግሯን ጎተት ታደርጋለች። ቢሆንም ለየኋት። ስታቅፈኝ እጅጌዋ ሸርተት አለና ክንዷ ላይ ጠባሳ አየሁ፤ ሰባት ዓመት በስልክ ስታወራኝ አንድም ቀን ያላሳየችኝን።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ካውያ ነው አባዬ፤ ቆይቷል። እርስዎ ደግሞ የማያዩት የለ!"

ሃያ ቀን ቆይታ ተመለሰች። አሁንም በስልክ እናወራለን፤ አሁንም እጅጌዋ እስከ መዳፏ ድረስ ነው።

እንግዲህ ያደረግሁትን ልናገር፤ ሌላ ሰው አይናገርልኝም።

ዓይኔን አድኛለሁ። ነርሷም ረድታኛለች።

ሰባቱን ቀን አንድ ሶላት ሳልዘል ጨርሻለሁ።

የተረፈውን ጠብታ ከእነብልቃጡ ጥያለሁ፤ "ዓይናችንን አሞናል፣ አካፍለን" ያሉኝን ሁለት ጎረቤቶችም ሐኪም ዘንድ ሰድጃለሁ።

ልጄን ከእናቷ ቀድሜ ለይቻለሁ። እናቷ ትክዳለች።

ሃያ ቀን ሙሉ ፊቷን ሳይቆራረጥ አይቻለሁ።

የሄደችም ዕለት፣ አጥሩን ይዘን ከቆምነው ሸኚዎች ሁሉ አውሮፕላኑን በመጨረሻ ከዓይኔ ያጣሁት እኔ ነኝ።